ቀይና ነጭ ሴል በቀበሌ አዳራሽ

ብሽሽት የሚባለውን የሰውነት ክፍል በአደባባይ መጥራት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። እናቴ ቃሉን አንድ ቀን ከአፏ ሳታወጣ ስምንት ልጅ ወልዳ አሳድጋለች። እኔ ግን በደርግ ዘመን፣ ናዝሬት ላይ፣ የቀበሌያችን ሰው በሞላበት አዳራሽ ብሽሽቴ ድረስ በጠመኔ የተሠመረብኝ ሰው ነኝ። ሀፍረቱን የጨረሰ ሰው ለወግ ይመቻል፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በእሾህ ነው። መምህራን በሙሉ ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ከከተማው ዳር ወጥተን ጉድጓድ ስንቆፍር የግራር እሾህ በረባሶዬን በስቶ ተረከዜ ውስጥ ገባ። በረባሶ ከመኪና ጎማ የሚቆረጥ ጫማ ነው። አሰብ ድረስ ስንት ኩንታል ተሸክሞ ሲመላለስ የኖረ ጎማ የእኔን አንድ ተረከዝ ማዳን አቃተው። እሾሁን ነቅዬ ጣልኩና ረሳሁት፤ እሾሁ ግን አልረሳኝም። ሰንበት ብሎ ተረከዜ ቀላ፣ ጠዘጠዘኝ፤ ብሽሽቴ ላይ ደግሞ ባቄላ የሚያህል ነገር ጉብ አለ። አገሬው ንፍፊት ይለዋል። እኔን ከሕመሙ ይልቅ የገረመኝ መንገዱ ነው። የተወጋሁት ታች፣ ያበጠው ላይ! ሞጆ ላይ የተመታ ሰው አዋሽ ላይ ይጮኻል እንዴ?

ያን ጊዜ የምኖረው ኦቦ ገመቹ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ኦቦ ገመቹ የደራ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ነገር ከማለታቸው በፊት መሬቱን የሚያዩ። ለግቢው ሁሉ የሚበቃውን ያህል የምትጮኸው ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ነበረች። በዚያ ሰሞን ግን አዴ ጫልቱ ብዙ ደም ፈሷት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ግቢው ጭር ብሎ የጎረቤት ዶሮ ድምፅ እንኳ መስማት ጀምረናል። ሐኪሞቹ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ከዚያ በፊት ግን ደም ይፈለግላት ብለዋል። የኦቦ ገመቹ ደም ተመረመረና ከእሷ ጋር አልገጠመም። ከደራ የመጡ ዘመዶች «በሬ ሽጡ ብትሉን እንሸጣለን» አሉና ጠርሙሱንና መርፌውን ሲያዩ ወደ አውቶቡስ ተራ አቀኑ። አይፈረድባቸውም። ያን ጊዜ ደም የሰጠ ሰው ደሙ አይተካለትም፣ ከስቶ ይቀራል፣ ልጅ አይወልድም ይባል ነበር።

ነገሩ እንዲህ በሆነበት ሰሞን ነው የቀበሌያችን ሊቀመንበር በራችን ላይ ብቅ ያለው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ስለነበር ሰው ሲያናግር በዓይኑ ትከሻና ወገብ ይለካል።

«ጓድ መምህር፣ እሁድ አንድ የኩባ ዶክተር ስለ ደም ያስተምረናል። ሕዝቡ ፍርሃቱን እንዲተው። አስተርጓሚው አንተ ነህ።»

«እኔ እኮ የአማርኛ መምህር ነኝ ጓድ።»

«አትደብቀኝ። እንግሊዝኛ ጋዜጣ ስታነብ በዓይኔ አይቼሃለሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ጋዜጣው ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት ነበር። ኦቾሎኒው ሲያልቅ መወርወር አሳዝኖኝ ሥዕሉን ሳይ ነው ያገኘኝ። ይህንኑ ላስረዳው አፌን ስከፍት ኦቦ ገመቹ ከኋላው ቆመው አየኋቸው። መሬቱን እያዩ፣ «መምህሬ፣ አንተ ብትናገር ሰው ይሰማ ይሆናል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚህ በኋላ እንግሊዝኛ አላውቅም ማለት አዴ ጫልቱን አላውቃትም እንደማለት ሆነብኝ።

ከባዮሎጂ መምህራችን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩና ክፍሌን ዘጋሁ። መጀመሪያ ገጹን ስገልጥ ቃላቱ ሁሉ ጥርስ ያላቸው መሰሉኝ። ቆየት ብዬ ሳያቸው ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ የሕክምና ቃል እንደ ጅቡቲ ባቡር ነው። ርዝመቱ ያስፈራል እንጂ ፉርጎ በፉርጎ የተቀጠለ ነው፤ ፈትቶ ለየብቻ ለሚያየው ሁሉም ተራ ነገር የጫነ ነው። «ሄማ» ደም ነው፣ «ሎጂ» ጥናት ነው፤ ሲቀጣጠሉ ሄማቶሎጂ። «ኤሪትሮ» ቀይ፣ «ሉኮ» ነጭ፣ «ሳይት» ሴል። «አን» የለም ማለት ነው፣ «ኤሚያ» ያው ደም ነው፤ አኒሚያ፤ ደም የለም! የአዴ ጫልቱ ሕመም በሁለት ፉርጎ ተጭኖ መጣ። በሰው ሕመም ደስ ማለት ነውር ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝና ወዲያ ወዲህ እያነከስኩ ቃል ስቀጥል ዋልኩ። ወንጂ በወባ የታመመ ጓደኛዬ ጣፊያው አብጦ ነበር፤ ለካ እሱም «ስፕሌኖሜጋሊ» የሚባል ስም ነበረው። ስም ያለው በሽታ ተሸክሞ እንደ ተራ ሰው ሲንገላታ ከርሟል።

አንዲት ፉርጎ ብቻ አስቸገረችኝ፤ ሊንፍ። መጽሐፉ እንደሚለው ከደም ሥር እየሾለከ የሚወጣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በራሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ተሰብስቦ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ይሄን ምን ልበለው? የሰውነት ጠበል ልለው አሰብኩና ሃይማኖት ሲነሣ የማይወደው የቀበሌያችን ካድሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ውሃ ብለው ደግሞ ሰው ይስቃል። እዚያው ስደርስ አውቃለሁ ብዬ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የናዝሬት ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስታርፍ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ የሶሻሊዝም አባቶች የሚባሉት ሦስቱ ጢማሞች በሥዕል ተሰቅለው ቁልቁል ያዩናል። ፊት ለፊት ካድሬው ጓድ ታምሩ ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ታጥቆ ተቀምጧል። ወጣት ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ። ፈገግታው እንደዚያን ጊዜ ስኳር በራሽን ነበር። ስሙ በየግቢው ጮክ ተብሎ አይጠራም።

ዶክተሩ ረጅም፣ ፀሐይ የጠበሰው፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ስሰማ ደግሞ ልቤ ተመለሰ። «እስፕሊን» አለ፤ «እስኩል» አለ። ለካ የኩባም ሰው እንደ እኛ «እ»ን ሳያስቀድም «ስ»ን መሻገር አይችልም! ሁለታችንም የሰው ቋንቋ ተከራይተን የምንኖር ነን አልኩና ተረጋጋሁ።

መረጋጋቴ ብዙ አልቆየም።

ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ ክብ ነገር ሣለ። «ይሄ ቀይ የደም ሴል ነው» ብዬ ተረጎምኩ፣ «ከሳንባ አየር ተሸክሞ ለሰውነት ሁሉ የሚያድል። ላብ አደር ነው።» ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ ካድሬውን አይቶ ነቀነቀ። እኔም ጎሽ አልኩ ለራሴ። ዶክተሩ ቀጠለና ቀዩ ሴል ሲበስል «ኒውክለስ» የለውም አለ። ኒውክለስ አስኳል እንደሚባል ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አስኳል ከእንቁላል ጋር ከአእምሮዬ ወጥቶ ሄዷል። ሴሉን የሚመራው ክፍል ከሆነ ብዬ አሰላሁና፣

«ቀዩ ሴል ጭንቅላት የለውም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው፤ ሲውጠው እኔ ድረስ ተሰማ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን መመርመር ጀመረ። ዶክተሩ ምንም ሳያውቅ ፊቱ በርቶ፣ ቀዩ ሴል ዕድሜው አራት ወር ቢሆን ነው፤ ከዚያ አብዛኛው ጣፊያ ውስጥ ይፈርሳል አለ። ይሄን እንዴት ልበለው? «ቀዩ... ለጊዜው ያርፋል» አልኩ። ወደ ሌላ ርዕስ እንዲሄድ በዓይኔ ለመንኩት። ሄደልኝ፤ ወደ ባሰው።

«ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ» አልኩ ከአንደበቴ እየጎተትኩ፣ «ጠባቂዎች ናቸው። ጠላት ሲገባ የሚዋጉት እነሱ ናቸው።»

ካድሬው እጁን አነሣ።

«ቆይ መምህር። ጭንቅላት የሌለው ቀዩ ነው፤ የሚጠብቀው ነጩ ነው። እንዲህ ነው ያልከው?»

የዚያን ዘመን ሰው ቀይና ነጭ ሲባል ምን እንደሚያስብ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። በሁለቱ ቀለሞች ስም ስንት ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ዶክተር፣ እነዚህን ሴሎች ሌላ ቀለም ሊቀቧቸው አይችሉም?» አልኩት።

«እንዲያውም ነጭ አይደሉም» አለኝ እየሳቀ። «ቀለም የላቸውም። በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ሐምራዊ ቀለም የምንቀባቸው እኛ ነን።»

እግዜር ይስጠው ብዬ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። «ዶክተሩ እንደሚሉት ነጭ መባላቸው ስሕተት ነው። ቀለም የለሽ ናቸው።»

«ቀለም የለሽ?» አለ ካድሬው። «መሐል ሰፋሪ ናቸው ማለት ነው?»

ከእሳት ወጥቼ ረመጥ ላይ ቆምኩ። ያዳነኝ የገዛ ፍርሃቴ ይመስለኛል፤ ሰው ሲጨንቀው ምላሱ ብቻዋን ታስባለች። «የለም ጓድ! የሚዋጋ ሰው እንዴት መሐል ሰፋሪ ይሆናል? ልብሳቸው እንዳይታወቅ ሆኖ ነው እንጂ አብዮት ጠባቂ ናቸው። ቀዩን የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። የሚወለዱትም አንድ ቤት ነው፤ አጥንት መቅኒ ውስጥ።»

ካድሬው ጥቂት አሰበ። ሕዝቡ ከእሱ ጋር አሰበ። «እንዲህ ብለህ አትጀምርም ነበር?» አለና እግሩን አነባበረ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ዶክተሩ ለትምህርቱ የተሰጠ አድናቆት መስሎት አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ።

ከዚያ ሊንፍ መጣ። ዶክተሩ የሰው ሥዕል ሥሎ ቀጫጭን መስመሮች ዘረጋበት፤ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ላይ እንደ ጓያ ፍሬ ያሉ ነገሮችን ደረደረ። ፈሳሹ በእነዚህ እያለፈ ይፈተሻል፤ ተባይ ካለ እዚያው ይያዛል አለ። በዚህ ጊዜ ቃሉ ራሱ መጣልኝ።

«ኬላ ነው!» አልኩ። «እንደ ሞጆ ኬላ። የሚያልፈው ሁሉ ወርዶ ይፈተሻል፤ የይለፍ ወረቀት የሌለው አያልፍም።»

እንዲህ የተባለ ነገር የማይገባው ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ኬላን ከእናቱ ስም እኩል ያውቃል። አንዲት ሴት ከመሐል፣ «ኬላው ሲያብጥስ?» አለች። ስተረጉምለት ዶክተሩ፣ «ጥበቃው በርትቷል፤ ጠላት ተይዞ ትግል ላይ ናቸው ማለት ነው» አለና ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። «ከገባሁ ጀምሮ እዚህ አንድ የሚያነክስ ሰው እያየሁ ነው።»

«ዶክተሩ የሚያነክስ ሰው አይቻለሁ ይላሉ» ብዬ ጮህኩና ማን ይሆን ብዬ በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ሕዝቡ በሙሉ እኔን ያያል።

«ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ በላቸው» አለኝ።

«ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ይላሉ» አልኩና ተቀመጥኩ። የገዛ ፍርዱን የሚያነብ እስረኛ እኔን ይመስላል። ተረከዜን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሱሪዬን ዝቅ እንዳደርግ በእጁ አሳየኝ። ይሄን አልተረጎምኩም። አስተርጓሚ ከሆንኩ ወዲህ ጭራሽ ሳልተረጉም የዘለልኩት ይህን ብቻ ነው። ሴቶቹ ግን ቋንቋው ሳያስፈልጋቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ዶክተሩ ቀበቶዬን ጨብጬ መያዜን አይቶ ሳቀና ጠመኔውን አነሣ፤ በበዓል ብቻ በምለብሰው ጥቁር ቴትሮን ሱሪዬ ላይ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ፣ በጉልበት አልፎ፣ እስከ ብሽሽቴ ነጭ መስመር አሠመረ። መጨረሻው ላይ ክብ አደረገበት። ሊቀመንበሩ ጨርቁን በልብስ ሰፊ ዓይን አይቶ በሐዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሀፍረቱ ጠፍቶኝ መስመሩን ቁልቁል እያየሁ ቀረሁ። እሾሁና እብጠቱ የሚገናኙበትን መንገድ አገኘሁት!

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተነሣና፣ «እንግዲህ ጓዶች፣ ሁላችንም በሙሉ ፈቃደኝነት ደም እንድንሰጥ ተወስኗል!» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ዶክተሩ ምን አለ ሲለኝ እንዳለ ተረጎምኩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ ጠፋ።

«ተወስኖ የሚመጣ ደም አልፈልግም። ይልቅ የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ይንገረኝ።»

ከዚያ አንዱ ጀመረና ሁሉም ተንጫጫ። የቁጡ ሰው ደም የወሰደ ቁጡ ይሆናል ወይ? የሰካራም ደምስ? የእስላምና የክርስቲያን ደም ቢገናኝ ይጣላል ወይ? ዶክተሩ አንዱንም አልናቀም። ደም ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ የሚባል ዘር ብቻ እንዳለው፣ ሃይማኖትም ጠባይም እንደማያውቅ፣ የተቀዳውንም መቅኒ በሳምንታት ውስጥ እንደሚተካው አስረዳ። ጥያቄው ሲያልቅ ኦቦ ገመቹ ተነሡ። መሬቱን እያዩ፣

«እኔ ልሰጣት ክንዴን ዘርግቼ ነበር» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ደምህ አይገጥምም አሉኝ። የሚገጥመው ሰው እዚህ ካለ... እኔ ምን እላለሁ።» ተቀመጡ።

ሳላስበው እጄን አነሣሁ። ዶክተሩ ወደ ሱሪዬ እየጠቆመ፣ «አንተ አትችልም፤ ኬላህ ላይ ገና ውጊያ አለ» አለኝ። እጄን ሳወርድ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ስታገል ከፊት ወንበር ጓድ ታምሩ ብድግ አለ። የካኪውን እጅጌ ሰበሰበ። ከኋላው አራት አምስት ሰው ተነሣ።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እሱና እኔ አንድ ጋሪ ላይ ተሳፈርን። ፈረሱ ጥቂት እንደ ሄደ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ። ይተካል?»

«ይተካል ጓድ።»

«ሰው አይስማ እንጂ እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

«እኔም» አልኩት።

ምርመራው ሲደርስ ከመጡት ሁሉ ከአዴ ጫልቱ ደም ጋር የገጠመው የእሱ ሆነ። መርፌው ሲገባ እጄን ያዘ፤ ከእሱ ክንድ ደም ሲወጣ ከእኔ ጣቶች ደም ጠፋ። ጠርሙሱን በስርቆት አየና ደነገጠ።

«ጥቁር ነው እኮ!»

«አየሩን አራግፎ ወደ ልብ የሚመለስ ደም ስለሆነ ነው፤ የሁሉም ሰው እንዲህ ጠቆር ይላል» አለ ዶክተሩ በእኔ በኩል።

«የእኔ ይቀላል ብዬ ነበር» አለ ጓድ ታምሩ በቀስታ፤ ከዚያ ዓይኑ ተገለበጠና ትከሻዬ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ነርሷ እግሩን ከፍ አደረገችለትና ነቃ። ለእኔም አልቀረልኝም፤ ዶክተሩ በዚያው ተረከዜን ሰንጥቆ የተሰበረች የእሾህ ጫፍ አወጣልኝ።

አዴ ጫልቱ ኦፕራሲዮን ሆና ዳነች። ግቢ በተመለሰች ማግስት ትራስ ተደግፋ፣ «የማን ደም ነው ውስጤ ያለው?» አለች። እርስ በርሳችን ተያየን። ኦቦ ገመቹ በዝግታ ነገሯት። ጩኸቷን ጠበቅን። ከዚያ፣

«ነምቺ ኛቴራ?» አለች። ሰውየው በልቷል ወይ? ማለቷ ነው።

እንደዚህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ አሠራችና በሳህን ከድና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሰው ወደሚፈራው ቤት ከግቢው መጀመሪያ የሚላከው ሁልጊዜ ተከራይ ነው። የጓድ ታምሩን በር አንኳኳሁ። ያለ ኮፍያ፣ ያለ ሽጉጥ፣ በሸሚዝ ብቻ ከፈተልኝ። ክፍሉ እንደ እኔው ክፍል አንድ የሽቦ አልጋና አንድ ወንበር ብቻ ያለው ነው፤ ጥግ ላይ ያረረ ድስት ተዘፍዝፏል።

«ምን አሉ?» አለኝ ሳህኑን ሳይቀበል።

«በልቷል ወይ ነው ያሉት።»

ቆመ። «ግባ» አለኝ።

ጭኮውን አልጋው ላይ ተቀምጠን በላን። ሲጠግብ እንደ ተማሪ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አንድ ነገር ሳስብ ሰነበትኩ። ደምን ልብ ይገፋዋል። ያ ሊንፍ የምትሉት ከተረከዝ ሽቅብ የሚወጣው ማን ገፍቶት ነው?»

ይሄን እኔም ተረከዜ ሲሰነጠቅ ሕመሙን ለመርሳት ዶክተሩን ጠይቄው ነበር። «የራሱ ልብ የለውም» አልኩት፤ «ዋናው ገፊው ሰው ሲንቀሳቀስ የሚጨምቀው ጡንቻ ነው። ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ግን እግሩ ያብጣል።»

የገዛ ቁርጭምጭሚቱን አየ። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚኖር ሰው ቁርጭምጭሚት ነው።

በቀጣዩ እሁድ እንደ ልማዱ ተሰበሰብን። ጓድ ታምሩ ስለ ዓለም ሁኔታ ሲናገር ጣሪያው ጋለ፣ ሰው ደነዘዘ። በመሐል ንግግሩን አቋረጠና፣ «ተነሡ!» አለ። አዳራሹ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ፤ የሁሉም ግራ ክንድ ተቀሰረ፤ ሊቀመንበሩ መፈክሩን ጀመረ።

«ክንድ አላልኩም» አለ ጓድ ታምሩ። «እግር ነው። እግራችሁን አንሡ፣ ጣሉ። አፍታቱ።»

ከእኔ በቀር የየትኛው መመሪያ እንደሆነ ያወቀ የለም። መጀመሪያ ኦቦ ገመቹ አንድ እግራቸውን አነሡ። ሊቀመንበሩ ተከተለ። ቆይቶ የቀበሌው ሕዝብ በሙሉ፣ ሦስቱ ጢማሞች እያዩት፣ በጸጥታ እግሩን ያነሣ ይጥል ጀመር። በውጭ የሚያልፍ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን አቁሞ በመስኮት አንገቱን አስገባና፣

«ደግሞ ምን ታወጀ?» ሲል ሰማሁት።